ጎልማሳው ደቀ መዝሙርና ቀንደ ንጋት

በዚያ ማለዳ በሰባታምባ ምድር ፀሐይ ወጣች፤ ቀንዱ ግን አልተነፋም።

ሰባታምባ በጉም ባሕር ላይ የቆመ መንግሥት ነበር። ሰባቱ አምባዎች ገደላቸው ቀጥ ያለ፣ አናታቸው ሜዳ የሆነ፣ እርስ በርሳቸውም በድንጋይ ድልድይና በገደል ደረጃ የተያያዙ ነበሩ። ከሥራቸው ያለውን ጥልቅ ሸለቆ ግን ያየው ሰው አልነበረም፤ ዘወትር ነጭ ጉም ሞልቶት ይኖራል። ያ ጉም የሰማይ ጉም አይደለም። ሰመመን የሚባለው፣ ሰው በምድር ላይ ሳይኖር ጀምሮ በሸለቆው የተጋደመው ታላቅ አውሬ ትንፋሽ ነው። ሰመመን ሥጋ አይበላም፤ ደምም አይጠጣም። የሚበላው የሰውን ልብ ነው። ትንፋሹ የደረሰበት ሰው አይሞትም፤ ዓይኑን እንደ ገለጠ ካለበት ይቀመጥና ያለፈውን እያነበነበ፣ ያልመጣውን እየተመኘ ይቀራል። ቢጠሩት አይሰማም፤ ቢነቀንቁት አይመለስም። ዓመታት ሲያልፉም እንደ ጉቶ ይደርቃል።

ጉሙን ከአምባዎቹ በታች አግዶ የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቀንደ ንጋት። የጥንት ሰዎች ከየትኛው ፍጥረት ራስ እንደ ቆረጡት የማይታወቅ፣ ከሰው ክንድ የረዘመ ጥቁር ቀንድ ነው። በሰባቱ አምባ ከሁሉ ከፍ ባለው በርእሰ አምባ ጫፍ ላይ ሊቀ መለከቱ ቆሞ በየማለዳው ይነፋዋል፤ ድምፁ በሸለቆው ሲያስተጋባ ጉሙ እንደ ተገረፈ ውሻ ወደ ታች ይሸሻል።

በዚያ ማለዳ ግን ዝም አለ። ሰዎች ሮጠው ሲወጡ የሊቀ መለከት ዘርጋው መደብ ባዶ፣ ቀንዱ የሚሰቀልበትም ካስማ ባዶ ነበር። ሌባ የገባበት ምልክት የለም። በጤዛው ላይ የታየው የአንድ ሰው የእግር ዱካ ብቻ ነበር፤ ዱካው ሳይቸኩል፣ ሳያመነታ፣ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ሰው፣ የገደሉን ደረጃ ይዞ ወደ ጉሙ ይወርዳል። ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር ያነቁ አዛውንት በአንዲት ቅጽበት ልባቸው ሸሽቶ፣ የሰባታምባን ጋሻ በገዛ እጃቸው ለአውሬው ይዘውለት ሄደዋል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጉሙ ከሁሉ ዝቅ ያለውን ወይራምባን ዋጠ። ከዚያ ወዲያ ከወይራምባ የጭስ ምልክትም፣ የውሻ ጩኸትም አልተሰማም።

* * *

በርእሰ አምባ አውራሪስ የሚባል ሰው ነበር። በወጣትነቱ በቀይ ሸንተረር ጦርነት የጠላትን ግንባር ሰብሮ ፊታውራሪ የተባለ፣ አሁን ግን ሃምሳ የሞላው፣ ጺሙ የሸበተ፣ ደረጃ ሲወርድ ጉልበቱ የሚያመው ጎልማሳ ነው። ሚስቱ አዛለች ከሳምንት በፊት አራስ እኅቷን ልትጠይቅ ወደ ወይራምባ ወርዳ ነበር።

ጉሙ ወይራምባን የዋጠ ዕለት አውራሪስ በገደሉ አፋፍ ላይ ቆመ። ሚስቱ ልትሄድ ስትል በደጃፉ ቆማ አንድ ነገር እንደ ነገረችው ትዝ አለው። ምን እንዳለችው ግን ፈልጎ አጣው። እሱ ያን ጊዜ አሮጌ ጦሩን እየወለወለ፣ ልቡ በቀይ ሸንተረር ነበር። «እሺ» እንዳላት ያስታውሳል። ለምኑ «እሺ» እንዳላት ግን አያውቅም። ከዚህ በኋላ ድምፅዋን ባይሰማ፣ የመጨረሻ ቃሏ እንኳ በእጁ የለም። ይህ ከጦር ቁስል ይልቅ ወጋው።

ንግሥት ማርዳ ጉባኤ አደረጉ። የየአምባው ጎበዝ አለቆች በጋሻና በጎራዴ ተሽቀዳድመው ወረዱ፤ አንድም የተመለሰ አልነበረም። ያን ጊዜ አውራሪስ በዙፋኑ ፊት ቀርቦ እጅ ነሣ።

«ግርማዊት ሆይ፣ እኔን ይላኩኝ።»

ከመኳንንቱ መካከል አንዱ ከንፈሩን መጠጠ። «ፊታውራሪ፣ ጀግንነትዎን ማን ይክዳል። ነገር ግን ካረጁ አይበጁ ይባላል። አንበሳ የመሰሉት ልጆች የቀሩበትን እርስዎ እንዴት ይወጡታል?»

«አንበሳ መሆናቸውን አውቃለሁ» አለ አውራሪስ። «የወረዱት ግን በጉልበታቸው ብቻ ተማምነው ነው። ጉልበት ባልጠቀመበት ቦታ ምን እንደሚጠቅም እስካሁን ማንም አላየም። በሰባቱ አምባ እምላለሁ፤ አይቼ እነግራችኋለሁ።»

ንግሥቲቱ ተመለከቱትና «ሂድ» አሉት፤ «ነገር ግን በወገብህ ገመድ ታጠቅ። የምንቀብረው እንኳ ሰው አጥተናል።»

ገመዱን የያዘው ደባልቄ ነበር። ደባልቄ የአውራሪስ የጥንት ጋሻ ጃግሬ፣ ምላሱ የማያርፍ፣ ልቡ ግን እንደ ዓለት የጸና ሰው ነው። አውራሪስ ጉሙ ውስጥ እንደ ገባ ቀዝቃዛ ነገር ፊቱን ዳሰሰው። ወዲያው የእምቢልታ ድምፅ ሰማ። ቀይ ሸንተረር! ፈረሱ ከሥሩ ሲንቀጠቀጥ ተሰማው፤ ክንዱ የሃያ ዓመት ክንድ ሆነ፤ ጓዶቹ ስሙን እየጠሩ ፎከሩ። ደስ አለው። ተከተላቸው። ከፊቱ ገደል መኖሩን አላየም፤ ቢያይም ግድ አልነበረውም።

ነፍሱን ያተረፈው ገመዱ ነው። ደባልቄና ሌሎች ጎትተው ሲያወጡት አውራሪስ በሰው ፊት እያለቀሰ ነበር። ያለቀሰው ስለ ፈራ አይደለም። ስለ መለሱት ነው።

ልቡ ወደ ቦታው ሲመለስ እንዲህ አለ፦ «ደባልቄ፣ አውሬው አላሸነፈኝም። አስቀድሜ የተሸነፍኩ ሰው ነኝ። እሱ ያሳየኝ ነገር በቤቴ ተቀምጬ ዕለት ዕለት የማየውን ነው።»

* * *

ሊቀ መለከት ዘርጋው ማዕዶት የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ፊቷ የማይፈታ፣ ለመለከት የተመረጡ ሕፃናትን የምታስተምር ሴት ናት። አባቷ በወረዱ ማግሥት ሰው ሁሉ ሲሸሻት፣ እሷ ትምህርቷን አላቋረጠችም። አውራሪስ በግቢዋ በር ላይ ቆሞ «ልጄ፣ በጉሙ ውስጥ የሚያስኬድ ጥበብ ካለሽ አስተምሪኝ» አላት።

ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አየችው። «ይቀመጡ» አለችው፤ ከሕፃናቱ መካከል ክፍት ቦታ አሳይታ።

ትምህርቱ ጦር አልነበረውም። በገል ላይ የተቀመጠ አንድ ፍምና ቀጭን መቃ ብቻ። ተማሪው በመቃው እየተነፈሰ ፍሙን ሳይጠፋ ማቆየት አለበት። ትንፋሹ ከበረታ ፍሙ ይነድና ያልቃል፤ ከላላ አመድ ይለብሳል። ልብ ከፍሙ ላይ ዞር ባለች ቅጽበት ትንፋሽም አብራ ትዞራለች፤ ይህን ማንም ሊሸሽገው አይችልም።

በአውራሪስ ፊት ያለው ፍም ወዲያው ጠፋ። ሌላ ሰጠችው። ጠፋ። በአጠገቡ የነበረች የሰባት ዓመት ልጅ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች።

«ልብዎ ወዴት ሄደ?» አለችው ማዕዶት።

«ወደ ሚስቴ።»

«አሁንስ?»

«ወደ ቀይ ሸንተረር።»

«አባረሩት?»

«አባረርኩት እንጂ! እየታገልኩት ነው።»

«ስሕተቱ እሱ ነው። እርስዎ ጦረኛ ስለሆኑ የመጣውን ሁሉ መውጋት ይፈልጋሉ። ሐሳብ ሲወጉት ይባዛል። ሲመጣ ‹መጣህ?› ይበሉትና ወደ ፍሙ ይመለሱ። ቢመላለስ እርስዎም ይመላለሱ። ሥራው መመለሱ ነው፤ አለመሄዱ አይደለም።»

ነገሩ ለመስማት ቀላል ነበር። ቀኖች ግን አለፉ፤ አውራሪስ ከልጆቹ ሁሉ በታች ሆነ። ጀርባው ነደደ፤ ጉልበቱ አበጠ፤ በአሮጌ የጦር ቁስል የተጎዳው ሳንባው ፉጨት ያሰማ ጀመር። አንድ ቀን ያቺ የሰባት ዓመት ልጅ ፍሟን ፀሐይ ከአናት እስክትደርስ ስታቆይ፣ የእሱ ገና በማለዳ አመድ ለበሰ። መቃውን ሰብሮ ወረወረውና ተነሣ።

«ይህ የልጅ ሥራ ነው! ዛፍ ከደረቀ በኋላ አይቀናም። ስጦታው የለዎትም ብለሽ አስቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ማዕዶት ሳትቆጣ የተሰበረውን መቃ አነሣች። «እነዚህ ልጆችም ፍማቸው ዕለት ዕለት ይጠፋል፤ ሲጠፋ ይስቃሉ። እርስዎ ያፍራሉ። ልዩነቱ ይህ ነው። ያደከመዎት ዕድሜዎ አይደለም ፊታውራሪ፤ እፍረትዎ ነው።»

አውራሪስ ትቷት ሄደ። በቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ እስኪመሽ አሰበ። ከሠላሳ ዓመት ወዲህ አንድም አዲስ ነገር እንዳልተማረ ያን ዕለት አወቀ። ሰው ሁሉ «ፊታውራሪ» ብሎ ሲነሣለት፣ የማያውቀውን ነገር መንካት ትቶ ነበር፤ ቢነካ አላዋቂ ሆኖ ይታያልና። የተሻገረውን አንድ ወንዝ ዕድሜውን ሙሉ ሲሻገር ኖሯል።

በማግሥቱ ማዕዶት በሩን ስትከፍት ከሕፃናቱ ሁሉ ቀድሞ ቆሞ አገኘችው። ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«መምህርት፣ ትናንት ስላጠፋሁት ይቅር ይበሉኝ። ዛሬም ያስተምሩኝ።»

አንድ ፊታውራሪ ለልጁ እኩያ «እርስዎ» ሲል በርእሰ አምባ ተሰምቶ አያውቅም። ማዕዶት ፊቷን አዞረች፤ ዓይኗ እንደ ረጠበ እንዳያይባት። ከዚያም አዲስ መቃ ሰጠችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሙ ሲጠፋበት «ጠፋ» ይላል፤ ሌላ ያነሣል። አንዳንዴም ከትንሿ ልጅ ጋር አብሮ ይስቃል። ክረምቱ ገባ፤ ክረምቱ ወጣ። ፍሙ ቀስ በቀስ ዕድሜው ረዘመ። አውራሪስም ሌላ ነገር አስተዋለ፤ ውሃ ሲጠጣ ውሃው ይጣፍጠዋል፤ ሰው ሲያናግረው የሰውየውን ዓይን ያያል። ማዕዶት በበሬ ቀንድ ላይ የመግፊያውን ዜማ፣ ጉሙን የሚያባርረውን ማለት ነው፣ አስተማረችው። ሌላም ዜማ እንዳለ ነገረችው።

«የማስተኛው ዜማ ይባላል። አውሬውን ራሱን ያስተኛዋል። ግን በጆሮው ሥር ቆሞ መንፋት ያስፈልጋል፤ ዜማው ደግሞ አይለይም፤ የነፊውንም ዓይን ይከድናል። ስለዚህ የምንማረው በየስንኙ እየከፋፈልን ነው፤ ሙሉውን አገናኝቶ የነፋ ሰው እስካሁን የለም። ለመማር ብዙ ዓመት ይፈጃል።»

«ለእኔ አይደርስልኝም ማለት ነው።»

«አሁን አይደርስልዎትም» አለች። ሸንግላው አታውቅም ነበር።

* * *

መኸሩ ሳይሰበሰብ ጉሙ ዋንዛምባንም ዋጠ። ከዚያ በላይ መጠበቅ አልተቻለም። ንግሥት ማርዳ አውራሪስን፣ ማዕዶትንና ደባልቄን በገደሉ አፋፍ ላይ አቁመው መረቁ።

«ይህን መንግሥት የጠበቀው ግንብ አልነበረም» አሉ ንግሥቲቱ፤ «በየማለዳው የሚነቃ አንድ ሰው ነበር። እኛ ግን እሱን አምነን ሁላችንም ተኛን። የእናንተ መንገድ የእኛ ዕዳ መክፈያ ነው። ሂዱ፤ ብትመለሱ ክብር፣ ባትመለሱ ስማችሁ በሰባቱ አምባ አይረሳ።»

«በሰባቱ አምባ!» አሉ ሦስቱም፤ ወረዱም።

ደባልቄ የመቃውን ትምህርት አልተማረም፤ የራሱን መላ ግን አበጅቷል። በአገልግሉ የተቆላ ገብስ ሞልቶ አንድ አንዷን ፍሬ እየቆረጠመ ይሄዳል። «ልቤ እንዳይሸሽ ጥርሴን ሥራ አስይዤዋለሁ» አለ። «ይቺ ጠንካራ ናት። ይቺ ደግሞ አራለች።» በዚያ ነጭ ዝምታ ውስጥ ድምፁ እንደ መብራት ነበር።

ጉሙ አውራሪስን ያውቀዋል። እምቢልታው ተነፋ፤ ጓዶቹ ስሙን ጠሩ። «መጣችሁ?» አላቸው በልቡ፤ እግሩ የረገጠውን ድንጋይ ቅዝቃዜ ልብ አለ፤ ቀጣዩን ረገጠ። እንደገና መጡ፤ እንደገና ተመለሰ። ድል አላደረጋቸውም። ብቻ አልተከተላቸውም።

ወይራምባ ደረሱ። ሰዎች በየደጃፉ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ተከፍቷል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንዱ የሞተ በሬውን ያመሰግናል። አንዲት ሴት ገና ያልተወለደ የልጅ ልጇን ትድራለች። በአንድ ቤት ደፍ ላይ አዛለች ተቀምጣ ነበር።

አውራሪስ በፊቷ ተንበረከከ። ሠላሳ ዓመት አብሯት ኖሮ ያላየውን ያን ጊዜ አየ። ከቅንድቧ በላይ ትንሽ ጠባሳ አለ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አያውቅም። የእጇ መዳፍ ሻካራ ነው። ጸጉሯ በጆሮዋ ግራና ቀኝ ነጥቷል። ስትሸብት የት ነበርኩ? አለ። ይህ ሐሳብ ደግሞ እንደ ገደል ይስብ ጀመር፤ ጸጸትም ከእምቢልታው እኩል ጣፋጭ ወጥመድ ነበር። «መጣህ?» አለው። የሚስቱን እጅ ይዞ ትንፋሿን አዳመጠ። በሕይወት አለች። ይህ ብቻ በቃው።

«ይሸከሟታል?» አለች ማዕዶት ቀስ ብላ።

«አይደለም። እሷን ይዤ ብወጣ አገሩ ሁሉ እዚሁ ይቀራል። እንሂድ።»

ተነሣ። ጉልበቱ ጮኸ። ዞር ብሎ አላየም።

ከሸለቆው ግርጌ ሲደርሱ የደባልቄ ገብስ አለቀ። አገልግሉን ገልብጦ አራገፈ፤ ፈገግ አለ፤ ከዚያም «እናቴ፣ በሩን አልዘጋሽውም እንዴ?» ብሎ በድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አውራሪስ በትከሻው ላይ እጁን አሳርፎ አለፈ። ሌላ ማድረግ የሚቻል አልነበረም።

* * *

ሰመመን መልክ አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ ከሩቅ ላየው ኮረብታ ነው። በጀርባው ላይ ሣርና ቁጥቋጦ በቅሏል። አፉ እንደ ዋሻ የሰፋ ሲሆን ጉሙ ከዚያ እንደ ወንዝ ይፈስሳል። በአፉ ፊት ሊቀ መለከት ዘርጋው ተቀምጠዋል፤ ቀንደ ንጋት በጭናቸው ላይ እንደ ሕፃን ተኝቷል።

ማዕዶት አባቷን ስታይ እግሯ ቆመ። «አባባ፣ ራት ቀርቧል» አለች በልጅነት ድምፅ። ዓይኗ ፈዘዘ። ስታስተምር የኖረች፣ በመንገዱ ሁሉ አንዴም ያልተሰናከለች መምህርት በአንድ ጊዜ ሰመጠች።

አውራሪስ ትከሻዋን ያዘ። «መምህርት፣ ልብዎ ወዴት ሄደ?»

ከዚያ እንደ ሰጠመ ሰው አየር ስባ «ወደ ቤታችን» አለች።

«ይመለሱ።»

ተመለሰች። ያን ጊዜ የአውሬው ዓይን ተከፈተ። ወርቃማና ሐዘን የሞላበት ዓይን ነበር። የተናገረውም በአውራሪስ የገዛ ድምፅ ነው፤ በሃያ ዓመቱ ድምፅ።

«ወንድሜ፣ ምን ፈልገህ መጣህ? ከእንግዲህ በፊትህ ያለው ምንድን ነው? ሕመምና ድካም። የሚበልጠው ቀንህ አልፏል፤ እኔ ዘንድ ግን አለ። ግባ፤ ለዘላለም ሃያ ዓመትህ ነው።»

አውራሪስ ቀንዱን ከሽማግሌው ጭን አነሣ። ከበሬው ቀንድ ይልቅ እጅግ ይከብዳል። «እውነትህን ነው፤ አልፏል» አለ። ቀንዱንም ወደ ከንፈሩ ወሰደ።

መጀመሪያ የወጣው ፉጨት ነበር። አውሬው ሳቀ። ሁለተኛው ተቆረጠ። ሳንባው እንደ ተወጋ አመመው፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ፤ ደሙ በቀንዱ አፍ ላይ ፈሰሰ። አላፈረም። ትንፋሹን እንደ ገና ሰብስቦ ከሆዱ አወጣው፤ ቀንደ ንጋትም ጮኸ።

ሸለቆው ተናወጠ። ጉሙ ከሁለት ተሰንጥቆ ሸሸ። ደባልቄ ከድንጋዩ ላይ ዘሎ ተነሣ፤ በወይራምባና በዋንዛምባ በየደፉ የተቀመጡ፣ በጉሙ የቀሩት ጎበዝ አለቆችም ሁሉ ዓይናቸውን አሹ። ሽማግሌው ዘርጋው ባዶ ጭናቸውን ዳሰሱ፤ ያደረጉትንም ባወቁ ጊዜ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«ሕዝቡን አውጣ!» አለ አውራሪስ ቀንዱን ከአፉ ለቅጽበት አንሥቶ። ደባልቄ ሮጠ። በዚያ ቀን ያ የማያርፍ ምላሱ አገር አዳነ፤ «ተነሡ! ሕፃን ያዙ! ሽማግሌ ደግፉ! ወደ ላይ! ያለፈውን ስትወጡ ታወሩታላችሁ!» እያለ ከደጃፍ ደጃፍ ጮኸ። ሕዝቡ በገደሉ ደረጃ እንደ ጉንዳን ተሰለፈ። አውራሪስ ነፋ። አውሬው ትንፋሹን ባወጣ ቁጥር እሱም ነፋ፤ የሚቀጥለውን ሳያስብ፣ ያለፈውን ሳይቆጥር፣ በአፉ ያለውን አንዱን ትንፋሽ ብቻ ነፋ። የመጨረሻዎቹ ሰዎች ከፍ ካለው ደረጃ ሲደርሱ አንገቱ ቀና ማለት አልቻለም ነበር።

ያን ጊዜ ሰመመን መነሣት ጀመረ። ከጥንት ጀምሮ ተነሥቶ የማያውቀው ገላ ከምድር ሲላቀቅ ኮረብታው ተሰነጠቀ። ሲነሣ ትንፋሹ ሰባቱንም አምባ እንደሚያለብስ ሁሉም ገባቸው።

ዘርጋው እጃቸውን ዘረጉ። «ቀንዱን ስጠኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ መተኛት የሚገባኝ እኔ ነኝ።»

«አባባ፣ የማስተኛው ዜማ ረጅም ትንፋሽ ይፈልጋል» አለች ማዕዶት። «እርስዎ ትንፋሽዎ አልቋል። ፊታውራሪ ዜማውን አያውቁትም።»

«ያስተምሩኝ!» አለ አውራሪስ፤ ድምፁ ተሰብሮ። «ወደ ጆሮው ስንሄድ፣ አሁን፣ በየስንኙ! መምህርት፣ እኔ ኖሬአለሁ፤ እርስዎ ገና ነዎት።»

ማዕዶት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ዘግይተው ጀምረዋል፤ ቢሆንም ከተማሪዎቼ ሁሉ የሚበልጥ አላየሁም። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። አባቴን ይዘው ይውጡ። ዜማውንም ከእሳቸው ይማሩ፤ ይህ ፍጥረት አንድ ቀን መንቃቱ አይቀርም።»

ቀንዱን ከእጁ ወሰደች። የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀችና ወደ አውሬው ጆሮ ሮጠች።

አውራሪስ ሽማግሌውን በጀርባው አዝሎ ወጣ። ዜማው ከኋላቸው ተጀመረ፤ ለስላሳ፣ ረጅም፣ እናት በሕመም ላይ ላለ ልጇ የምታዜመው ዓይነት። ዘርጋው በጀርባው ላይ ሆነው ስንኞቹን በሹክሹክታ ይከተሉ ነበር። እንባቸው በአንገቱ ላይ ወረደ። ድምፁ ከሩቅ እየቀጠነ ሄደ፤ በመጨረሻም አንድ ከባድ ነገር በምድር ላይ ሲጋደም ተሰማ፤ ቀጥሎም ዝምታ ሆነ።

* * *

አዛለች በርእሰ አምባ ደረጃ ራስ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። አውራሪስ ሽማግሌውን አውርዶ በፊቷ ቆመ። ለብዙ ጊዜ የተሸከመውን ጥያቄ ጠየቃት።

«በዚያ ቀን ስትሄጂ በደጃፍ ላይ ምን አልሽኝ? አልሰማሁሽም ነበር።»

አየችው፤ ግራ ገባት። «የጎተራው ክዳን ተሰንጥቋል፣ አይጥ ሳይገባ አስጠግን ነው ያልኩህ።»

አውራሪስ ተቀምጦ አለቀሰ። እሷም የሚያለቅስበት ምክንያት ባይገባትም አጠገቡ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ የሸለቆው ጉም ጠፋ። የሰባታምባ ሰዎች ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ያልታየውን ሥሩን አዩ፤ አረንጓዴ መስክና የሚያበራ ወንዝ። ከወንዙ ማዶ አንድ ኮረብታ ተኝቷል፤ በኮረብታው ራስ አጠገብም ፀሐይ ስታርፍበት የሚታይ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለ፤ የማዕዶት ነጠላ ነው፤ ቀንደ ንጋትም ከእሷ ጋር ቀርቷል። ሊቀሰቅሳት የወረደ የለም። እሷን የቀሰቀሰ አውሬውንም ይቀሰቅሳልና።

ንግሥት ማርዳ ለአውራሪስ የራስነት ማዕረግና የአንድ አምባ ግዛት ሰጡት። ማዕረጉን ትቶ ግዛቱን ከጉሙ ለተመለሱት እንዲከፋፈል ለመነ። «ተማሪ ነኝ፤ ጊዜ የለኝም» አለ።

ዓመታት አለፉ። ጺሙ ፈጽሞ ነጣ። ዘርጋው ጆሯቸው ስለ ደከመ፣ ተማሪያቸው ሲነፋ እጃቸውን በደረቱ ላይ አድርገው በመዳፋቸው ያደምጡታል። ያን ዕለትም በገደሉ አፋፍ ላይ እንዲሁ ተቀምጠው፣ አውራሪስ ከማስተኛው ዜማ ሰባተኛውን ስንኝ በበሬ ቀንድ ነፋ። ለሁለት ዓመት ሲታገለው የኖረ ስንኝ ነበር። ጨረሰውና ጠበቀ።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ከደረቱ ላይ ሳያነሡ ቆዩ። ዓይናቸው ወደ ሸለቆው ነበር።

«ማዕዶት እዚህች ላይ ትዘገይ ነበር» አሉ። «አንተ ለመጨረስ ቸኩለሃል።»

«እውነትዎን ነው።»

«በል ከመጀመሪያው።»

አውራሪስ ከንፈሩን ጠርጎ ትንፋሹን ሳበ።